የአጥር ቅርንጫፍና ወተት የጫነ ብስክሌት፦ ከሐዋሳ በስተደቡብ የደረሰ አደጋ የጉዳይ ጥናት

በኅዳር ወር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ሐዋሳ ወተት የሚያመላልስ አንድ ወጣት ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ዳር ከብስክሌቱ ተወርውሮ ወደቀ። የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ፣ ቀኝ ዓይኑ ቅንጭብ ከተባለው የአጥር ተክል በሚወጣ ወተት መሰል ፈሳሽ ተቃጠለ፣ በሁለት ጀሪካን የጫነው የላም ወተትም አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። የገጨው መኪና አልነበረም፤ ከፊቱ ድንገት የገባ ሰውም ሆነ ከብት አልነበረም። የጣለው ከአንድ አርሶ አደር አጥር ላይ በዋዜማው ተከርክሞ መንገድ ዳር ከተከመረው እንጨት መካከል የነበረ አንድ የክትክታ ቅርንጫፍ ነው።

አደጋው በሞተር ተሽከርካሪ የደረሰ ባለመሆኑና ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በለቅሶና በሠርግ የሚገናኙ ጎረቤታሞች በመሆናቸው፣ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ሳይሄድ በአካባቢው ሶንጎ፣ ማለትም በባህላዊው የዳኝነት ሸንጎ፣ በሽማግሌዎች ፊት ታየ። እኔ የስምምነቱን ቃል በአማርኛ እንድጽፍ ተጠርቼ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጬ ስለነበር የሁለቱንም ወገን ቃልና የምስክሮቹን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻለሁ። ክርክሩን ለጥናት የሚያበቃው ከተከራካሪዎቹ አንዳቸውም አለመዋሸታቸው ነው። ባለ አጥሩ አዛውንት ቅርንጫፉን አስፋልት ላይ አልጣልኩም ሲሉ እውነታቸውን ነበር፤ ወጣቱም ቅርንጫፉ አስፋልት ላይ ነበር ሲል እውነቱን ነበር። ክምሩ ከነበረበት እስከ ወደቀበት ቦታ ያለውን ጥቂት እርምጃ ቅርንጫፉ እንዴት ተሻገረው የሚለው ነው መመርመር የነበረበት።

ስለ መንገዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ይህ አስፋልት ካይሮን ከኬፕታውን እንዲያገናኝ የታሰበው አህጉራዊ ጎዳና አካል ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሐዋሳና በዲላ አልፎ ሞያሌ ይደርሳል። በዚህም የተነሳ ተሳቢ ያላቸው ከባድ መኪኖች፣ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች፣ ሚኒባሶች፣ ባጃጆች፣ የአህያ ጋሪዎች፣ ወደ ግጦሽ የሚነዱ ከብቶችና እግረኞች በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ለብዙ ነዋሪዋ የመዝናኛ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ከከተማው ወሰን ወጣ ሲባል ግን ብስክሌተኛው የሚቀርለት የአስፋልቱ ጠርዝ ብቻ ነው።

ጠርዙ ደግሞ የመንገዱ ሁሉ ጥራጊ መጠራቀሚያ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ ጎማው የሚረግጠውን መስመር ራሱ እያጸዳ ይሄዳል፤ ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ የጠርሙስ ስባሪውንና የወደቀውን እንጨት ወደ ዳር ይገፋዋል። የተገፋውን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ሾፌር ከመኪናው ወንበር ሆኖ ሲመለከት መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ብስክሌተኛው ለምን ጠርዙን ይዞ እንደማይሄድ፣ ለምንስ በየጊዜው ወደ መሃል እንደሚወጣ አይገባውም። በዚያ አስፋልት ላይ ብስክሌተኛ ያለ ምክንያት ወደ መሃል የሚወጣ ይመስል ክላክስ የሚያስጮኹትን ሁሉ አንድ ቀን በብስክሌት ባስኬዳቸው ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ።

አሁን ወደ አጥሩ። የአርሶ አደሩ አጥር ሕያው አጥር ነው፤ ዋናው ተክል ቅንጭብ ሲሆን ክፍተቱ በክትክታና በአጋም ተሞልቷል። ከውስጥ እንሰት፣ ጥቂት ቡናና ጫት አለ። ቅንጭብ ለአጥር የሚመረጠው ከብት ስለማይደፍረው፣ ድርቅ ስለሚችልና ቁራጩ መሬት ላይ ቢሰካ በቀላሉ ስለሚጸድቅ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ አጥሩ ወደ መንገዱ ይንዠረገጋል፤ አዝመራ መሰብሰቡ ፋታ ሲሰጥ ባለቤቱ ገጀራ ይዞ ይከረክመዋል። ችግሩ የሚጀምረው የተከረከመው የት ይደረግ በሚለው ላይ ነው። አዛውንቱ እንዳስረዱት ወደ ጓሮ ቢያስገቡት ቅንጭቡ በወደቀበት ሥር ይሰድና ማሳውን ይወራል፤ አጋሙ ባዶ እግራቸውን የሚሮጡትን የልጅ ልጆቻቸውን ይወጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ከአጥሩ ውጭ፣ በአጥሩና በአስፋልቱ መካከል ባለው ቦታ ላይ ከመሩት። ኅዳር 12 ሲደርስ ሊያቃጥሉት አስበው ነበር። በ1911 ዓ.ም. ከገባውና የኅዳር በሽታ ከተባለው ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ በዚያ ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ ማጠን እስከ ዛሬ የዘለቀ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቀኑ ሲቃረብ በየመንገዱ ዳር ክምር መታየቱም ከዚሁ የመጣ ነው።

ክምሩ በቦታው ቢቆይ ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ ባልተጻፈ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን አንድ የጭነት መኪና ከአጥሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ተበላሽቶ ቆመ። መኪና በመንገድ ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል በመደዳ ማስቀመጡ በአገራችን ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ሾፌሮች ሁሉ ይህን ምልክት ያውቁታል፤ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን የያዘው እንኳ በድንጋይና በቅጠል ያጠናክረዋል። በአቅራቢያው የሚኖሩ አንዲት እናት ረዳቱ ባትሪ አብርቶ ከክምሩ ላይ ቅርንጫፍ እየጎተተ ወደ አስፋልቱ ሲወስድ በመስኮት ማየታቸውን መስክረዋል። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ድንጋዩም ቅርንጫፉም በቦታቸው ቀሩ። ተከታትለው ያለፉት መኪኖች ደግሞ ቅርንጫፉን በትነው ወደ ጠርዙ ገፉት። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ቦታውን ሲያዩ የዘይት ጠብታ አስፋልቱ ላይ ነበር፤ ከዘይቱ ወዲያ ድንጋዮቹ በመስመር እንደተደረደሩ ነበሩ፤ ቅርንጫፎቹ ብቻ ናቸው ከመስመራቸው የወጡት። የቅርንጫፎቹ ጫፍ በገጀራ በሰያፍ የተቆረጠ በመሆኑም ከዛፍ ተሰብረው እንዳልወደቁ ለማንም ግልጽ ነበር።

ወጣቱ ወደዚያ የደረሰው 11 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያ ወር በዚያ ሰዓት የመንገዱ መስመር ይታያል፣ በላዩ ያለው ነገር ግን አይለይም። ብስክሌቱ መብራት አልነበረውም። ድንጋዮቹን በሩቁ አይቶ የተበላሸ መኪና ከፊቱ ያለ መስሎት ነበር፤ መኪና ሲያጣ ምልክቱ ያለፈበት ነው ብሎ ድንጋዮቹን በመራቅ ይበልጥ ወደ ጠርዙ ተጠጋ። ጥንቃቄ ነው ያለው ነገር ቅርንጫፎቹ ወደተጠራቀሙበት ወሰደው።

ከዚህ በኋላ የሆነው በቅጽበት ያለቀ ቢሆንም በሶንጎው ረጅም ጊዜ የወሰደው እሱ ነው። ከባለ አጥሩ ወገን አንድ ሰው የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ጨምቆ አሳየና «ይኸው፣ ጎማው ተንፍሷል፤ የጣለው እሾህ እንጂ የእኛ ቅርንጫፍ አይደለም» አለ። ጎማው በእርግጥም ተንፍሶ ነበር፤ በውስጡም እሾህ ተገኝቷል። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎሚስታ ይጠራ አሉ። ከገበያው አካባቢ ጎማ የሚጠግን ሰው መጥቶ ብስክሌቱን ገልብጦ አቆመው፤ መጀመሪያ ያየውም ተንፍሷል የተባለውን የኋላ ጎማ ሳይሆን ማንም ልብ ያላለውን የፊተኛውን ነበር።

የፊት ቸርኬ ሦስት ሽቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ታጥፈው ነበር። ጎማውን ግራና ቀኝ ከያዘው ብረት በአንደኛው ላይ አረንጓዴ ልጣጭ ተለጥፎ ደርቋል፤ ፓራፋንጎውም ወደ ውስጥ ተጨራምቷል። ጎሚስታው በጣቱ እያሳየ እንዳስረዳው የፊት ጎማ የቅርንጫፉን አንድ ጫፍ ሲረግጥ ሌላኛው ጫፍ ይነሳል፤ የተነሳው ጫፍ በሽቦዎቹ መካከል ይገባል፤ ከጎማው ጋር ይዞርና ከብረቱ ጋር ሲጋጠም ጎማው በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። የፊት ጎማ ሲቆም የኋላው ይነሳል፤ ነጂው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወረወራል። እንጨቱ ቅንጭብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሰብሮ ያልፍ ነበር፤ ክትክታ ግን ለዱላ የሚመረጥ እንጨት ነው፣ አይሰበርም። በኋላ በኩል የተጫኑት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች፣ ክብደታቸው ከ40 ኪሎ በላይ በመሆኑ፣ ውርወራውን አባባሱት እንጂ አላስቀሩትም።

ስለ እሾሁም ተናገረ። የተገኘው ነጭና ረጅም የግራር እሾህ ነው፤ ደረቅ ነው፤ የአዛውንቱ አጥር ውስጥ ደግሞ ግራር የለም። ቀዳዳው ከመርፌ ቀዳዳ ስለማይበልጥ አየሩ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ጎማው ጨርሶ የተነፈሰውም ብስክሌቱ ከወደቀ በኋላ ቆሞ ባደረበት ሊሆን ይችላል። የኋላ ጎማ ሲተነፍስ ብስክሌት ይከብዳል፣ ይዋልላል እንጂ ሰውን በመሪ ላይ አያሻግርም። ይህን ካለ በኋላ ከጉዳዩ ጋር ባይገናኝም ለብስክሌተኞቹ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ጨመረ፦ ብዙ ሰው ከመነዳሪውን (የውስጠኛውን ጎማ) በማስቲሽ ለጥፎ ወዲያው ይገጥማል፤ የእሾሁ ጫፍ ግን ከውጭኛው ጎማ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ሊታይም አይችልም፤ በማግስቱ ከመነዳሪው በዚያው ቦታ ሲበሳ ጥፋቱ የማስቲሹ ይመስላል። ስለዚህ ከመግጠም በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ መዳበስ ያስፈልጋል፤ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በእጅ መዳበስ አይገባም፤ እርሱ የቀኝ አመልካች ጣቱን ጠባሳ አሳየን።

የዓይኑ ጉዳት ከስብራቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ወጣቱ የወደቀው መኪና በጨፈለቀው ቅንጭብ ላይ ነው፤ መዳፉ በነጭ ፈሳሽ ተለወሰ፤ ከግንባሩ የወረደውን ላብ በዚያው እጁ ጠረገ። የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ መቃጠሉ በመጀመሪያ የሚቻል ይመስላል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ይብሳል፤ የዓይን ብሌን የላይኛውን ሽፋን ይጎዳል፣ ለጊዜው ማየትንም ሊከለክል ይችላል። በቦታው ከተሰበሰቡት መካከል ከጀሪካኑ በተረፈው የላም ወተት ይታጠብ ያሉ ነበሩ። ሌሊቱን ረዳቱን ያዩት እናት ግን ንጹሕ ውኃ በጆግ አምጥተው፣ የዓይኑን ቆብ ገልጠው፣ ወጣቱ በቃኝ እስኪል ሳይሆን ከዚያም አልፈው ደጋግመው አፈሰሱበት። ትክክለኛው እርዳታ ይኸው ነው፤ ብዙ ንጹሕ ውኃ፣ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት፣ ከዚያም ሐኪም። እጁን ወጌሻ ይየው በሚለው ላይ ቤተሰቡ ጥቂት ተከራክሮ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ እጁ በጄሶ ታሰረ፤ ዓይኑም በቀናት ውስጥ ዳነ።

ጎሚስታው ከሄደ በኋላ የጣለው ቅርንጫፉ መሆኑን የካደ አልነበረም። የቀረው የማን ጥፋት ነው የሚለው ነው። አዛውንቱ ወደ ወጣቱ ዞረው «ልጄ፣ እኔ ከአጥሬ ሥር ነው የከመርኩት። አስፋልቱን በእጄ አልነካሁም፤ የነካው ሄዷል» አሉት። ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ «አባባ፣ እርስዎ እንዳላስቀመጡት አውቃለሁ። ግን ረዳቱ ባዶ እጁን ነው የመጣው፤ ከየት ያገኘው ነበር?» ሲል መለሰ። በእኔ ግምት ክርክሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ስለ መጠኑ መነጋገር ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመንግሥት ሕግ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን ሊክስ እንደሚገባው ይደነግጋል፤ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ እንደሆነም ካሳው በዚያው ልክ እንደሚቀንስ ሕጉ ይቀበላል። እዚህ ጋር ሦስት ድርሻዎች አሉ፦ ክምሩን መንገድ ዳር ያሳደሩት፣ ምልክቱን ሳያነሳ የሄደው ረዳት፣ ያለ መብራት በጨለማ ከባድ ጭነት ጭኖ የነዳው። መሃለኛው ታርጋው እንኳ ስላልተያዘ የእርሱ ድርሻ በሁለቱ ላይ ወደቀ። በሕግ ዓይን ይህ ለክርክር የሚመች ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያልተገኘን ሰው ድርሻ ፍለጋ የተገኙትን ማቆየት አልፈለጉም።

በሌላ አገር ተመሳሳይ ጉዳይ እንዴት እንደሚታይ ማንሳት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእንግሊዝ ገጠር የማሳ አጥር በአብዛኛው እሾሃማ ቁጥቋጦ ሲሆን የሚከረከመው በትራክተር ላይ በተገጠመ ማሽን ነው፤ ለወፎች መራቢያ ሲባልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 መከርከም የተከለከለ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1980 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕጋቸው መንገድ ላይ ያለ በቂ ምክንያት ነገር አስቀምጦ ተጠቃሚን የጎዳን ወይም ለአደጋ ያጋለጠን ሰው በወንጀል ይጠይቃል። ልዩነቱ ከሕጉ ይልቅ ከመሣሪያው ነው። ማሽኑ ቅርንጫፉን ስለሚያደቅቀው እነርሱ ዘንድ የብስክሌተኛው ዋና ችግር በየጎማው የሚሰካው ጥቃቅን እሾህ ነው፤ ገጀራ ግን ቅርንጫፉን ከነርዝመቱ ስለሚጥለው እኛ ዘንድ ጎማ ከመበሳት አልፎ ቸርኬ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሚቀዳ መመሪያ ቢኖር እንኳ ለእኛ መንገድ የሚበቃ አይሆንም።

ስምምነቱ በአጭሩ ይህን ይመስላል። የሕክምናውን ወጪ አዛውንቱና ወጣቱ እኩል ተካፈሉ፤ የፈሰሰውን ወተት ዋጋ ወተቱን የሰጡት ቤቶች ተዉለት። የተከረከመ አጥር ከአጥሩ ውጭ እንዳያድር፣ ሊያድር ግድ ቢሆን እንኳ ከውኃ መውረጃው ቦይ ወዲህ ወደ አጥሩ እንጂ ወደ አስፋልቱ በኩል እንዳይሆን ተወሰነ። እንጨቱም በየዓይነቱ እንዲለይ ተስማሙ፦ ክትክታው ለማገዶ ወደ ቤት ይገባል፤ ቅንጭቡ በአጥሩ ክፍተት ይተከላል፣ የተረፈው ይቀበራል፤ አጋሙ ብቻ ለኅዳር ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው የአዛውንቱ ሚስት ሐሳብ ነበር። እርሳቸው እስኪናገሩ ድረስ ሁላችንም ክምሩን እንደ አንድ ነገር ነበር የምናየው። ከእንግዲህ ሌሊት መኪና ቢበላሽና ምልክት ተትቶ ቢገኝ፣ ጠዋት መጀመሪያ ያየው ሰው ድንጋዩንም ቅጠሉንም ከመንገድ እንዲያነሳ፣ ይህንንም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ግዴታ እንዲቆጥረው ተባለ። ሶንጎው አላፊ ሾፌርን ሊያስገድድ ስለማይችል ከዚህ በላይ ማለት አልቻለም።

ወተት፣ ሣርና አትክልት የሚያመላልሱ ሌሎች ብስክሌተኞችም በስብሰባው ላይ ስለነበሩ ስለ ሌላው የመንገድ ጥራጊ ብዙ ተባለ። በቆሎና ቦሎቄ አስፋልት ዳር ሲሰጣ ዙሪያው በድንጋይ ይታጠራል፤ እህሉ ከተነሳ በኋላ ድንጋዩ ይቀራል። የተበተነ ቦሎቄ ክብ በመሆኑ ከጎማ ሥር ይንከባለላል፤ በተለይ ፍሬን ሲያዝ። ከጫት መጫኛ አጠገብ የሚጣለው ገረባና መጠቅለያው ኮባ ደረቅ ሳለ ጉዳት የለውም፤ ዝናብ ሲነካውና ሲበሰብስ ግን ያንሸራትታል። እነዚህን ለማስቀረት አልተስማሙም፤ ድንጋዩ እህሉ በተነሳበት ሰዓት ይነሳ በሚለው ብቻ ተግባቡ።

ያልተቋጨው የእሾሁ ነገር ነው። በኋላ ጎማ ውስጥ የተገኘው የግራር እሾህ የመጣው ለደረቅ አጥር የሚሆን ቅርንጫፍ ቆርጠው ወደ ከተማው ዳር ከሚያመላልሱት የአህያ ጋሪዎች እንደሆነ ጎሚስታው አልተጠራጠረም፤ በሳምንት ውስጥ የሚጠግናቸው ጎማዎች ብዛት ጋሪዎቹ በሚያልፉባቸው ቀናት እንደሚጨምር ተናግሯል። ጋሪ ነጂዎቹ ለሌላ ቀን ተጠርተው መጡ። ጭነቱን በሸራ እንዲሸፍኑ ሲጠየቁ የሸራውን ዋጋ ማን ይከፍላል አሉ፤ የሚከፍል አልተገኘም። ከመካከላቸው አንዱ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ፊት፣ ቅጠሉን ወደ ኋላ አድርጎ በሁለት ቦታ በገመድ ማሰር መሬት ላይ የሚጎተተውን ቅርንጫፍ እንደሚያስቀር ተናገረና በራሱ ጋሪ ላይ አስሮ አሳየ። የቀሩት እናያለን ብለው ተበተኑ።